የሌለኝ ወንድም መቃብር

ወንድም የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። እናቴ እኔን አንዱን ወልዳ፣ እኔንም በቅጡ ሳታሳድግ ሞተች፤ አባቴን አውቃለሁ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ያም ሆኖ አቃቂ ውስጥ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የታናሽ ወንድሜን ሙት ዓመት ስዘክር ኖሬያለሁ። በየዓመቱ ግንቦት ሃያ አንድ፣ መንግሥት የድል በዓሉን ባከበረ ማግስት፣ እኔ ዱቄት እገዛለሁ፣ የሰፈሩ ሴቶች ዳቦ ይደፉልኛል፣ ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው «ነፍስ ይማር» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አሜን» እላለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። አሁን ከእኔ ሌላ የሚያፍርበት የለም።

በወጣትነቴ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ፋብሪካው ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ፣ ወንዙን ተጠግቶ ነው የተሠራው። ጥሬ ቆዳ በአንዱ በር ይገባል፣ ክሮም በሚባል ኬሚካል ይዘፈዘፋል፣ ሰማያዊ ሆኖ በሌላው በር ይወጣል። ክሮሙን ከመጋዘን እየመዘንኩ የማወጣው እኔ ነበርኩ። ሽታው በሳሙና አይለቅም። ታክሲ ውስጥ ስገባ ሰው መስኮት ይከፍታል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ ወድጄ ነበር፤ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ግን ሌላ ሥራ ብትፈልግ» አለችኝ። እኔ ሌላ ሥራ ሳልፈልግ እሷ ሌላ ሰው አገኘች። ከዚያ በኋላ ለብቻዬ መብላት ለመድኩ። ለብቻው መብላት የለመደ ሰው ሳህን አያወጣም፤ ድስቱ አጠገብ እንደቆመ ይበላና ድስቱን ያጥባል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ደርግ ሲወድቅ ፋብሪካው ቆመ። በዓመቱ ማሽኖቹ ተሸጡና ግቢው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እንዲዛወር ተወሰነ። ርክክብ በእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው፤ ከወንበር እስከ ቁልፍ ይዘረዘራል፣ ይታያል፣ ይፈረማል። ችግሩ ዝርዝሩ ውስጥ የማይገባ ነገር መኖሩ ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ አሥራ አንድ በርሜል ተደርድሯል፤ ከፊሉ የተበላሸ ኬሚካል፣ ከፊሉ ከገንዳዎቹ ሥር የተዛቀ የክሮም ጭቃ። ተረካቢው አልቀበልም አለ፤ አስረካቢው የት እንደሚያደርሰው አላወቀም። በመጨረሻ አለቃዬ «ያልታየ አይቆጠርም» አለና በሎደር ጉድጓድ አስቆፈረ። እኔና ሁለት የቀን ሠራተኞች በርሜሎቹን እያንከባለልን አስገባናቸው፤ አፈር ተመለሰባቸው። በማግስቱ «ምንም ጉድለት የለም» የሚል ወረቀት ላይ ሲፈራረሙ እኔም እንደ መጋዘን ሠራተኛ ፈረምኩ። ፈርቼ አይደለም። ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

እኔን ለግቢው ዘበኛ አድርገው አስቀሩኝ፤ ከበሩ አጠገብ ያለችው ክፍል ቤቴ ሆነች። ግቢው ባለቤት እያጣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ እኔም ከቁልፉ ጋር አብሬ እተላለፍ ነበር።

የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ የጀርባው የቆርቆሮ አጥር አንድ በአንድ ተነቅሎ አለቀ። የእኛን ቆርቆሮ በሰው ጣራ ላይ እያየሁ ዝም አልኩ። አጥሩ ሲሄድ ልጆች መጡ። በርሜሎቹ የተቀበሩበት መሬት ሰመጥ ስላለ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ያቁራል፤ ውሃው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ነው። ልጅ እንዲህ ያለ ውሃ አይቶ አያልፍም። በጣሳ እየቀዱ ይረጫጫሉ፣ ፊታቸውን ይቀባሉ። አንዷ ሕፃን እጇ እስከ ክርኗ ቆስሎ እናቷ አዝላት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ አየኋት።

ለአለቆቼ ተናገርኩ፤ «በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ። በጽሑፍ አቀረብኩ፤ «ርክክቡ ጉድለት የለም ይላል» ብለው መለሱልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቆርቆሮ ላይ «አደገኛ ቦታ» ብዬ ጽፌ ተከልኩ፤ በሦስተኛው ቀን የአንድ ሰው ዶሮ ቤት ክዳን ሆኖ አገኘሁት። እየጮህኩ ባባርራቸው «ዘበኛው ሣሩን ለብቻው ሊያጭድ ነው» ተባለ። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ ይተሳሰራል፤ ማስረዳት አልችልም፣ ድንጋይ ነው የማነሳው።

አንድ እሑድ ግን ያነሳሁትን ድንጋይ ሳልወረውር እዚያው ሰማያዊው ውሃ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሌላ ጨመርኩ። እኛ ሰዎች አጥር እንነቅላለን፣ ማስታወቂያ እንሰርቃለን፤ መቃብር ግን አንደፍርም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስለቅም ውዬ በተኛ ሰው ቁመት ልክ ከመርኩት፤ ራስጌውን ወደ ምዕራብ አደረግኩ፤ ዙሪያውን በሰፊው በድንጋይ አጠርኩ፤ ከአሮጌ ሳጥን ክዳን መስቀል ሠርቼ ሰካሁበት። በማግስቱ ልጆቹ መጡ፣ ከሩቅ ቆመው አዩ፣ ተመለሱ። ፍየል ጠባቂዎቹ እንኳ ፍየሎቻቸውን አዙረው ሄዱ። መሥሪያ ቤት ሙሉ ሰው ያቃተውን እኔ በአንድ ቀን ሠራሁት ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ከበሩ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሞቶባታል። አንድ ወንድ ልጅ ታሳድጋለች። ከእኔ ብትበልጥ ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ከጠዋት ሰላምታ በቀር ሌላ ንግግር አልነበረንም። መስቀሉን ከሩቅ አይታ መጣችና ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«የማን ነው?» አለችኝ።

የማላውቀው ሰው ነው ማለት እችል ነበር። በቂም ነበር።

«የወንድሜ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ወንድሜ» ብዬ የማውቀው መንገድ የምጠይቀውን ሰው ብቻ ነበር። ቃሉ ሌላ ጣዕም አለው ለካ። አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለስ አልፈለግኩም።

«መቼ ነው?» አለች።

«ወታደሩ የተበተነ ጊዜ።»

ያን ሰሞን ሰው በወደቀበት ይቀበር ስለነበር ነገሩ አልከበዳትም። እስካሁን ለምን እንደደበቅኩት እንኳ ራሷ መለሰችልኝ፤ «የቀድሞው ጦር ስለሆነ ፈርተህ ነው፣ አይደል?» አለች። «አዎ» አልኩ። የውሸቱን ግማሽ እኔ ጀመርኩ፣ ግማሹን እሷ ጨረሰችልኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ድንኳን ግቢዬ ውስጥ ተተከለ። ወንደላጤ ስለነበርኩ ዕድር አልገባሁም፤ ቀብር ላይ ከኋላ ቆሜ የምመለስ ሰው ነበርኩ። የዕድሩ ዳኛ፣ ከዘራ የማይለያቸው ጡረተኛ የባቡር ሰው፣ ገና ሳይቀመጡ ተቆጡኝ።

«ሰፈር ሙሉ ሰው እያለ እንዴት ለብቻህ ታዝናለህ? እኛ ምንህ ነን?»

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ» አልኩ።

«በል ተቀመጥ። እኛ አለን።»

«እኛ አለን» ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አለቀስኩ። ለቅሶው የእውነት ነበር፤ እነሱ ለወንድሜ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። ሦስት ቀን ከጎኔ አልጠፉም። ምስሩም ሽሮውም በየተራ መጣ፤ ቁጭ ብዬ፣ ከሰው ጋር፣ ከአንድ ትሪ በላሁ። ስሙን ሲጠይቁኝ ልጅ ሆኜ ወንድም ቢኖረኝ ብዬ ያወጣሁለትን ስም ነገርኳቸው። ቄስ ጠርተው ፍታት አስደረጉለት። በዚያው ሳምንት ዕድር ተመዘገብኩ።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። የእኔ አልቀለለም፤ በየዓመቱ ሰው እየጨመረበት ሄደ። ስለ ወንድሜ ይጠይቁኝ ነበር። ረጅም ነው አልኳቸው፤ እኔ አጭር ነኝ። ጨዋታ ያውቃል አልኳቸው፤ እኔ አላውቅም። አንድ ዓመት ላይ ጥርሱ ፍንጭት ነበር ማለቴን ረስቼ ስተወው አንዷ ባልቴት «ፍንጭቱንማ አትርሳ» ብላ አረመችኝ። ከመንገዱ ዳር መኪናቸውን የሚያቆሙ የወሎ ሾፌሮች እንኳ ሲያልፉ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉለት ነበር። ዳኛው አልፎ አልፎ «አፅሙን ወደ ቤተ ክርስቲያን ብናፈልሰው» ይሉኛል። «ገና ልቤ አልቆረጠም ጋሼ» እላለሁ፤ እሳቸውም ደግመው አይጫኑኝም።

የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ የቲማቲም ሻጯ ልጅ ዘመተ። ጦርነቱ አልቆ ሌሎቹ ሲመለሱ ለእሷ የመጣላት መርዶና አንድ ወረቀት ነው። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። ለቅሶው ካበቃ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ አርብ ጠዋት ወደ ድንጋዮቹ መጣች።

«ወንድምህ አይከፋውም» አለችኝ። «ልጄን የማለቅስበት ቦታ የለኝም። እዚህ ላልቅሰው።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «አይከፋውም» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ዕቃዋን ሳትዘረጋ በፊት ትመጣለች። በርጩማ አወጣላታለሁ፣ ዙሪያውን ጠርጌ እጠብቃታለሁ። ጥቂት ታለቅሳለች፤ እኔም ድንጋይ ላይ አብሬያት እቀመጣለሁ። ስትሄድ ሁለት ቲማቲም ትታልኝ ትሄዳለች። ሰው ልጁን በሚያለቅስበት ሰዓት ደስ ይለኝ ነበር ማለት ነውር ነው። ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ አርብን እጠብቅ ነበር።

የከተማው ባቡር መስመር ሲቆፈር፣ በገላን በኩል ኮንዶሚኒየሙ ሲነሳ፣ የእኛም ግቢ ተራ ደረሰ። ከተማው የተዘጉ ፋብሪካዎችን መሬት አፅድቶ ለሕዝብ ጥቅም ለማዋል በጀት መደበ ተባለ። የተበከለው አፈር ተዝቆ ርቆ በተዘጋጀ ቦታ ይቀበራል፣ በምትኩ ንጹሕ አፈር ይሞላል፣ ከዚያ ለሥራ አጥ ወጣቶች ሼድ፣ ለሠራተኛ እናቶች ደግሞ የሕፃናት ማቆያ ይሠራል። ስሰማ ተነፈስኩ። ያን ሁሉ ዓመት ለብቻዬ የጠበቅኩትን ነገር የሚረከበኝ ሰው የመጣ መሰለኝ።

ስብሰባው ወረዳው አዳራሽ ነበር። ሥራውን የምትመራው መሐንዲስ ወጣት ሴት ናት፤ ቦት ጫማዋ ላይ የእኛ ግቢ ጭቃ ነበረበት፣ ያን ወደድኩላት። ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጥፋ የትኛው ቦታ ምን ያህል እንደተበከለ በቀለም አሳየችን። ከዚያ ጠየቀች።

«መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር የሚያውቅ ካለ አሁን ይንገረን። እኛ ያየነው የላይ የላዩን ነው።»

አፌን ከፈትኩ። እናገር ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ማመን ደስ ስለሚለኝም ሊሆን ይችላል። የዕድሩ ዳኛ ግን ቀደሙኝ፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«አለ እንጂ ልጄ» አሉ። «የዚህ ሰው ወንድም ተቀብሯል። እሱን እንዳትነኩብን።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እንደዚያ ያለ የሐዘኔታ ዓይን ለአንድ ዘበኛ ይበዛበታል። የቲማቲም ሻጯ ሁለት ወንበር አለፍ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ አንገቷን ነቀነቀችልኝ። አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ መሐንዲሷ ግቢው ድረስ መጣች።

«አባባ፣ ሁለት መንገድ አለ» አለችኝ። «ከፈቀዱ አፅሙ በክብር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይፈልሳል፤ ወጪውን በጀቱ ይሸፍናል። ካልፈቀዱ አንነካውም፣ ዙሪያውን ብቻ እናፀዳለን።»

«አትንኩት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ይረፍበት» አልኩ።

በገዛ እጇ ኖራ አፍስሳ ዙሪያውን ክብ ሠራች፤ ለሠራተኞቹም «ከዚህ ውስጥ ማንም እግሩን እንዳያስገባ» አለቻቸው። ለሟች ክብር ብላ ከክቡ ውስጥ የአፈር ናሙና እንኳ አልወሰደችም። ጨዋ ያሳደጋት ልጅ ናት፤ እኔ ጨዋነቷን መሣሪያ አደረግኩት።

ጨረታው በጋውን ስለበላው ሥራው የተጀመረው ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። የዚያ ዓመት ሙት ዓመት ላይ ማሽኖቹ ቆመው ዋሉልን፤ እንደዚያ ቀን ሰው በዝቶ አያውቅም። ከዚያ ጥድፊያው መጣ። በጀቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ተመላሽ ይሆናል፤ አንዴ የተመለሰ ደግሞ በስንት ዓመቱ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በዝናብ ውስጥ ይቆፈራል፤ አንዱ ገልባጭ ሲሞላ ሌላው ይቆማል፤ ጎማው ይሰምጣል፣ ይጎተታል፣ ደግሞ ይቆፈራል። የግቢው መሬት በሙሉ ተልጦ ወረደ። መሃል ላይ ያቺ የኔ ክብ ብቻ ከፍ ብላ ቀረች።

በጀቱ ሊዘጋ ስምንት ቀን ሲቀረው በሩ ላይ የግንባታውን ሥዕል ለጠፉ። ልጆቹ የሚጫወቱበት ሜዳ መሃል ላይ ክቡ አለ፤ አበባ ይተከልበታል። ከጎኑ የውሃ ቧንቧ ተስሏል። ሥዕሉ ላይ አንዲት ሕፃን ክቡ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ወደ ኋላ ሄጄ ድንጋዮቼን አየኋቸው። ዙሪያው በመቆፈሩ ጎኑ ተሸርሽሯል፤ ከኖራው ሥር ውሃ እየወጣ ነበር። ያው ሰማያዊ ነው። ያቺ እጇ የቆሰለ ሕፃን ትዝ አለችኝ። ያኔ መቃብር የሠራሁት ለሷ ነበር፤ አሁን የማስቀምጠው ለራሴ ነው። ይህን ለራሴ ነግሬ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ አርብ ነበር። የቲማቲም ሻጯ ጃንጥላዋን ዘርግታ ፈገግ ብላ መጣች።

«ቦታችንን ተዉልን እኮ» አለች። «አበባም ይተክሉበታል አሉ።»

በርጩማውን አቀረብኩላት። እስክትቀመጥ ጠበቅኩ።

«እዚህ ውስጥ ሰው የለም» አልኳት።

«ነፍሱማ ወደ ፈጣሪዋ ሄዳለች» አለች። አልገባትም።

«ወንድም የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ከሥሩ ያለው የፋብሪካው መርዝ ነው። ልጆች እንዳይነኩት ብዬ ድንጋይ ከመርኩ፤ ከዚያ አንቺ መጥተሽ ጠየቅሽኝ።»

ድንጋዮቹን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ድንጋዮቹን አየች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ እኔ ልጄን ምን ላይ ነው ሳለቅሰው የኖርኩት?» አለች።

ተነሳችና በርጩማውን ከዝናብ አውጥታ ጥግ አስጠጋችው።

«የሰው ልጅ ሊጫወትበት ነው» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። «ሂድና ተናገር።»

ያን ቀን ሽንኩርቷን አልዘረጋችም።

መሐንዲሷን በኮንቴይነር ቢሮዋ አገኘኋት። ቆሜ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ስብሰባው ላይ ጠይቄ ነበር እኮ።»

«ጠይቀሽ ነበር።»

«ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ በርሜል።»

ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ስልኳን አንስታ ወዲያ ወዲህ ስትደውል ቆየች። ስትጨርስ ካርታዋ ላይ የግቢውን ዙሪያ መስመር በእርሳስ ሰረዘች። «አጥሩ ይቀራል» አለች። «የአጥሩን በጀት ወደዚህ ካላዞርኩ በርሜሎቹ አይወጡም።» ከበሩ ስወጣ ጠራችኝ። «ዕድሩ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እርስዎ ይንገሯቸው። ማሽኑ ሲቆፍር ማወቅ የለባቸውም።»

ዳኛው ቤት ሄድኩ። አርጅተው ነበር፤ ጋቢ ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሳያቋርጡ አዳመጡኝ።

«ፍታት አስደርገንለት ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ለጭቃ።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ነገ እንመጣለን» አሉ። «ምን ስንዘክር እንደኖርን እንየው።»

መጡም። በካፊያው ውስጥ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን፣ ልክ ለቀብር እንደሚቆሙት ቆሙ። ጭምብል ያደረጉ ሠራተኞች መጀመሪያ ድንጋዮቹን አነሱ፤ መርዙን ስለነኩ እነሱም አብረው ይወገዳሉ። አንድ በአንድ ያውቋቸው ነበር እጆቼ። ከዚያ ማሽኑ ቆፈረ። በርሜሎቹ ዝገው ተበልተዋል፤ የወጣው አፈር ሰማያዊ ነበር። ሽታው ሲነሳ ሰው ሁሉ በነጠላው አፍንጫውን ያዘ። እኔ አልያዝኩም፤ የወጣትነቴ ሽታ ነው። ያቺን «ሌላ ሥራ ብትፈልግ» ያለችኝን ልጅ አስታወሰኝ።

ከቀብር ሲመለሱ ሰው ተሰልፎ ለሐዘንተኛው «እግዜር ያጽናህ» እያለ ያልፋል። የመጨረሻው በርሜል ሲጫን ሰልፉ በልማድ ተጀመረ፤ ሁለት ሦስት ሰው ወደ እኔ መራመድ ጀመረ፤ ከዚያ አንዱ ቆመ፣ ሌላው ዞረ፣ እኔ ጋ ሳይደርስ ተበተነ። የቲማቲም ሻጯ በቦታው አልነበረችም።

ሥራው ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ አለቀ። መሐንዲሷ ከመሄዷ በፊት እጄን ጨበጠችኝ፤ «ደግ አደረጉ» አለች፤ ከልቧ ነበር። ሼዱ ተሠራ፣ የሕፃናት ማቆያው ተሠራ፣ ደንብ ልብስ የለበሱ ጥበቃዎች መጡ። እኔ ጡረታ ወጥቼ ወደ ገላን በኩል አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከዕድር አላባረሩኝም። ሰላምታም አልነፈጉኝም፤ «እንዴት ነህ?» ይሉኛል፣ ግን መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። ግቢው አጥር ስለሌለው በዚያ ሳልፍ ልጆቹን አያቸዋለሁ። ዝናብ ሲዘንብ እዚያው ቦታ ላይ ውሃ ያቁራል፤ ይዘሉበታል፣ ይረጫጩበታል፤ ውሃው የጭቃ ውሃ ነው። ደስ ይለኛል። ደስታውን የምነግረው ሰው የለም እንጂ ደስ ይለኛል።

ወንድሜንም አጣሁት። ይህን ብናገር ሰው ይስቅብኛል። ነገር ግን ረጅም ነው፣ ጨዋታ ያውቃል፣ ጥርሱ ፍንጭት ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ያሳደግኩት ሰው ነበር። አሁን ስሙን የሚጠራ የለም። እኔም ድስቱ አጠገብ ቆሜ መብላት ጀምሬያለሁ።

በዓመቱ ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ዳቦ ቤት ሄጄ አንድ ትልቅ ዳቦ ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁት አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም፤ ለምንስ ይመጣል። ሰው የሚያልፍ በመሰለኝ ቁጥር ግን ቀና እል ነበር። በመጨረሻ ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

የቲማቲም ሻጯ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ቦታ ቀይራ ቃሊቲ መናኸሪያው አጠገብ እንደምትሸጥ ሰምቼ ነበር። አገኘኋት። ፀጉሯ በአንድ ዓመት ሸብቷል። ሽንኩርት እየመደበች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ሚኒባሶቹ ይጮሃሉ። ዳቦውን ይዤ ቆምኩ፤ ልሂድ ወይስ ልናገር አላወቅኩም።

«ዛሬ ሃያ አንድ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አዎ።»

የመጨረሻውን መደብ አስተካከለች። እጇን በሽርጧ ጠራረገችና አየችኝ።

«እግዜር ያጽናህ» አለችኝ።

ያሾፈችብኝ መሰለኝ። ፊቷን አየሁት፤ አላሾፈችም።

«ወንድም እኮ አልነበረኝም» አልኳት።

«ለዚያ ነው እኮ የምልህ» አለችና የሽንኩርቱን ጆንያ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ።